የከተማ አውቶቡስ መስመሮችን እንደ አዲስ ማደራጀት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እነዚህ ጥያቄዎች መስመር ሊቀየር ነው በተባለበት ከተማ ሁሉ ከተሳፋሪው፣ ከሾፌሩና ከወረዳው ጽሕፈት ቤት የሚነሡ ናቸው። ከአዲስ አበባ መንገዶች የተወሰዱት ምሳሌዎች ስሌቱን ለማሳየት የቀረቡ እንጂ የጸደቀ ዕቅድ አይደሉም። ሥራው በተግባር ተሠርቶ የታየው በአሜሪካዋ ሂዩስተን፣ በስፔኗ ባርሴሎና፣ በደቡብ ኮሪያዋ ሶል፣ በቺሊዋ ሳንቲያጎና በቅርቡም በዋሽንግተን ዲሲ ስለሆነ ማስረጃው በብዛት ከእነዚያ ይመጣል። ዓ.ም. ያልተጻፈባቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መስመር እንደ አዲስ ማደራጀት ማለት አዲስ አውቶቡስ መግዛት ነው?

አይደለም። ያለው አውቶቡስ፣ ያለው ሾፌርና ያለው ነዳጅ የት፣ በየስንት ደቂቃውና እስከ ስንት ሰዓት ይሥራ የሚለውን ከባዶ ወረቀት ተነሥቶ መወሰን ነው።

አብዛኛው ከተማ መስመሮቹን ያገኘው በመደራረብ ነው። ሰፈር ሲቆረቆር አንድ መስመር ይጨመራል። ነዋሪው አቤት ሲል መስመሩ በውስጥ መንገድ እንዲዞር ይደረጋል። ገበያው ወይም መሥሪያ ቤቱ ቦታ ሲለቅ ግን መስመሩ አብሮ አይነሣም። አንበሳ አውቶቡስ በ1935 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ጀሞም፣ የካ አባዶም፣ ኮየ ፈጬም የእርሻ መሬት ነበሩ። ዛሬ በእነዚህ ሰፈሮች የሚኖረው ሕዝብ ብዛት የአንድ ትልቅ ከተማን ያህላል። ለዚህ ሕዝብ በየጊዜው አንድ አንድ መስመር መቀጠል መፍትሔ የሚመስለው ለተወሰነ ዓመት ብቻ ነው።

ቀጥታ አውቶቡስ እያለኝ ለምን ሁለት እንድይዝ እደረጋለሁ?

ከሁሉም በላይ የሚጠየቀው ይህ ነው፤ ቅሬታውም የተገባ ስለሆነ በቁጥር መመለስ አለበት።

በምሥራቅ አዲስ አበባ አራት ሰፈሮችን እንውሰድ፦ አያት፣ ሰሚት፣ ጎሮና የካ አባዶ። መድረሻዎቹ ፒያሳ፣ መርካቶ፣ ሜክሲኮና ቦሌ ይሁኑ። እያንዳንዱን ሰፈር ከእያንዳንዱ መድረሻ ጋር በቀጥታ ለማገናኘት 16 መስመር ያስፈልጋል። ያለን 48 አውቶቡስ ቢሆን ለአንድ መስመር 3 ይደርሰዋል። ደርሶ መልሱ በአማካይ 120 ደቂቃ ከፈጀ አውቶቡሱ የሚመጣው በየ40 ደቂቃው ነው። ሰዓቱን ሳያውቅ ፌርማታ የደረሰ ሰው በአማካይ 20 ደቂቃ ይቆማል፤ አውቶቡሱ ሞልቶ ካለፈው ሌላ 40 ደቂቃ ይጨመርበታል።

አሁን መስመሮቹን ሁሉ መገናኛ በሚባለው ሰፈር ላይ እንቁረጣቸው። ከሰፈሮቹ እስከ መገናኛ 4 መስመር፣ ደርሶ መልስ 48 ደቂቃ። ከመገናኛ እስከ መድረሻዎቹ ሌላ 4 መስመር፣ ደርሶ መልስ 72 ደቂቃ። የስምንቱ ድምር 480 ደቂቃ ነው። ያው 48 አውቶቡስ ስምንቱንም በየ10 ደቂቃው ያስኬዳቸዋል። ተሳፋሪው ሰፈሩ ላይ 5 ደቂቃ፣ መገናኛ ላይ 5 ደቂቃ ይጠብቃል፤ ለመውረድና ለመሻገር 4 ደቂቃ ብንጨምርለት 14 ይሆናል። ከ20 ወደ 14 ወረደ፤ አንድ አውቶቡስም አልተገዛም። አንዱ ቢያመልጠውም የሚቀጥለው በ10 ደቂቃ ይደርሳል።

ከዚያ በላይ ጥቅም አለው። በመጀመሪያው አሠራር የጎሮ ሰው አውቶቡስ ሲመጣ «የእኔ ነው ወይስ የሌላ?» ብሎ ማየት ነበረበት፤ ከሚመጡት አራት ሦስቱ ለእሱ አይሆኑም። በሁለተኛው የመጣውን ይሳፈራል። አራቱን የሰፈር መስመሮች መገናኛ ላይ ሳይቆሙ ከአራቱ መድረሻዎች ጋር አንድ ለአንድ ብናያይዛቸው ደግሞ፣ ተጓዡ እኩል የተከፋፈለ ከሆነ ከአራት ሰው አንዱ ጭራሽ አይቀይርም።

ይህን ስሌት የሚሰብር ነገር አለ፤ ሊደበቅ አይገባም። መቀየሪያው ላይ የሚደርሰው ሁለተኛው አውቶቡስ ሞልቶ ከመጣ 5 ደቂቃው 30 ደቂቃ ይሆናል። ስለዚህ በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ከመቀየሪያው ባዶውን የሚነሣ አውቶቡስ መመደብ የግድ ነው። ሌላው ደግሞ ይህ ለውጥ መቀመጫ አይጨምርም፤ በፊትም በኋላም ከምሥራቁ በኩል በሰዓት የሚነሣው 24 አውቶቡስ ነው። የአውቶቡስ እጥረት ባለበት ከተማ መስመር ማደራጀት ጥበቃን ያሳጥራል እንጂ እጥረቱን አያጠፋም።

አንድ መስመር ስንት አውቶቡስ እንደሚያስፈልገው እንዴት ይሰላል?

የደርሶ መልሱ ጊዜ በሁለት አውቶቡሶች መካከል እንዲኖር ለሚፈለገው የደቂቃ ልዩነት ይካፈላል። መሄጃው 45፣ መመለሻው 45፣ በሁለቱም ጫፍ 9 ደቂቃ ቆይታ ካለ ደርሶ መልሱ 108 ደቂቃ ነው። በየ12 ደቂቃው እንዲመጣ ከተፈለገ 108 ለ12 ሲካፈል 9 አውቶቡስ። በዚያ ላይ ለጥገናና ለብልሽት ከ15 እስከ 20 በመቶ መጠባበቂያ ይያዛል፤ ስለዚህ ዴፖው ለዚህ መስመር 11 ያህል ሊኖረው ይገባል። መለዋወጫ በቶሎ የማይገኝበት አገር መጠባበቂያው ከዚህም መብለጥ አለበት።

ስሕተት የሚሠራው የጉዞው ጊዜ ላይ ነው። አማካዩን የወሰደ ዕቅድ በግማሹ ጉዞ ላይ ይዘገያል። የሚወሰደው ከ20 ጉዞ 17ቱ ሊደርሱበት የሚችሉት ጊዜ ነው፤ እሱም ለጠዋቱ፣ ለቀኑና ለማታው ለየብቻ ይለካል። ጠዋት 2 ሰዓትና ቀን 6 ሰዓት ላይ አንድ መንገድ አንድ አይደለም።

ለረጅም ጊዜ ምንም ሳይመጣ ቆይቶ ሁለት አውቶቡስ ተከታትሎ የሚደርሰው ለምንድን ነው?

አንዱ አውቶቡስ 2 ደቂቃ ሲዘገይ በሚቀጥለው ፌርማታ የሚጠብቀው ሰው ይበዛል። እነዚያን ሲያሳፍር ይበልጥ ይዘገያል። ከኋላው ያለው ደግሞ ሰው ስለማያገኝ እየፈጠነ ይመጣና ይደርስበታል። ሾፌሮቹ ጥፋት ሳይኖርባቸው የሚሆን ነው።

ጉዳቱ ከሚታሰበው በላይ ነው። በሰዓት 6 አውቶቡስ አለ እንበል፤ ግን በየ10 ደቂቃው በመምጣት ፈንታ አንዴ በ2፣ አንዴ በ18 ደቂቃ ልዩነት ይመጣሉ። ከአሥር ተሳፋሪ ዘጠኙ ፌርማታ የሚደርሰው በ18 ደቂቃው ክፍተት ውስጥ ነው። አማካይ ጥበቃው ከ5 ወደ 8.2 ደቂቃ ይወጣል። የፊተኛው አውቶቡስ በሰው ተጨናንቆ ሲሄድ የኋለኛው ባዶውን ይከተለዋል። የአውቶቡሱና የነዳጁ ወጪ ግን አልተቀነሰም።

መድኃኒቱ ብዙ ነው፤ በዋጋ ርካሹ በጫፍ ላይ የሚሰጠው ቆይታ ነው። ከመንዳቱ ጊዜ ከ10 እስከ 20 በመቶ ሲሆን የዘገየው አውቶቡስ የሚቀጥለውን ጉዞ በሰዓቱ እንዲጀምር ያደርገዋል። ቆይታውን «ቆሞ የሚባክን ጊዜ» ነው ብሎ የሚያነሣ ኃላፊ በማግሥቱ ተከታትለው የሚሄዱ አውቶቡሶችን ያገኛል። ሁለተኛው፣ ከመስመሩ መሐል ላይ ስልክና ሰዓት የያዘ ተቆጣጣሪ ማቆምና የፈጠነውን አውቶቡስ አንድ ሁለት ደቂቃ ማስጠበቅ። ሦስተኛው፣ ትኬቱ ከመሳፈር በፊት እንዲቆረጥና በሁሉም በር መግባት እንዲቻል ማድረግ። አራተኛው፣ መስመሩን አለማስረዘም፤ መሄጃው ብቻ ከ90 ደቂቃ በላይ የሚፈጅ መስመር በሰዓቱ ማስኬድ እጅግ ከባድ ነው።

ለአውቶቡስ ብቻ የተከለለ መንገድም ቢሆን ከጫፍ እስከ ጫፍ መሆኑ ግዴታ አይደለም። አውቶቡሱ በየቀኑ የሚቆምበት መስቀለኛ መንገድ ፊት ለፊት ያለው 300 ሜትር ብቻ ቢከለል ብዙ ደቂቃ ይመለሳል።

የእኔ ፌርማታ ለምን ይነሣል?

12 ኪሎ ሜትር መስመር በየ250 ሜትሩ ፌርማታ ካለው 48 ቦታ ይቆማል፤ በየ400 ሜትሩ ከሆነ 30 ቦታ። አንድ አውቶቡስ ፍጥነቱን ቀንሶ፣ ቆሞ፣ በር ከፍቶና ዘግቶ እንደገና ለመፍጠን ከሰው መሳፈሪያው ሌላ ወደ 20 ሰከንድ ያጠፋል። 18 ፌርማታ ሲቀነስ 6 ደቂቃ፣ በደርሶ መልስ 12 ደቂቃ ነው፤ ሁሉም ፌርማታ ላይ የሚቆም አውቶቡስ ከሆነ ማለት ነው። ከላይ 108 ደቂቃ ይፈጅ የነበረው ደርሶ መልስ 96 ይሆንና ዘጠኙን ይፈልግ የነበረው መስመር በ8 አውቶቡስ ይሠራል፤ አንዱ ለሌላ ሰፈር ተረፈ።

ተሳፋሪው የሚከፍለው ደግሞ ይኸው ነው፦ በሁለት ፌርማታ እኩሌታ ላይ የሚኖር ሰው በፊት 125 ሜትር ይሄድ ከነበረ አሁን 200 ሜትር ይሄዳል። ለጤነኛ ሰው የአንድ ደቂቃ ልዩነት ነው። ለአዛውንት፣ ለነፍሰ ጡር፣ በምርኩዝ ለሚሄድ ሰው ግን አንድ ደቂቃ አይደለም። ስለዚህ በሐኪም ቤት፣ በትምህርት ቤት፣ በገበያና በዳገት ላይ ያሉ ፌርማታዎች በሜትር ተለክተው አይነሡም። ፌርማታ ሲነሣ የሚቀረው ፌርማታ ጥላ፣ መቀመጫና መብራት እንዲያገኝ መጠየቅ የተሳፋሪው መብት ነው።

አውቶቡሱ ኮንዶሚኒየሙ ግቢ ድረስ ቢገባ ምን አለበት?

ከዋናው መንገድ 600 ሜትር ገብቶ 600 ሜትር መውጣት 1.2 ኪሎ ሜትር ነው፤ በውስጥ መንገድ በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር ሲሄድ 6 ደቂቃ ይወስዳል። በውስጡ ወደ ሌላ ቦታ የሚያልፉ 45 ሰዎች ካሉ የ270 ደቂቃ ጊዜያቸው ጠፋ። እዚያ የሚወርዱት 8 ሰዎች ከዋናው መንገድ ቢራመዱ ግን የሚያጠፉት በነፍስ ወከፍ 8 ደቂቃ፣ በድምሩ 64 ነው። ስሌቱ የሚገለበጠው ወራጁ ሲበዛ ነው። ያኔ መስመሩ እዚያው ግቢው በር ላይ እንዲያልቅ ማድረግ ይሻላል፤ ጫፍ ላይ የሚገባ አውቶቡስ የሚያስዘገየው አላፊ ተሳፋሪ የለምና። ዞሮ የሚመጣ የአንድ አቅጣጫ ቀለበት ግን መወገድ አለበት፤ ሲሄዱ 5 ደቂቃ የነበረው ሲመለሱ 25 ይሆናል።

ሁለት አውቶቡስ ስይዝ ሁለቴ ልከፍል ነው?

ሁለቴ የሚያስከፍል ከተማ መስመሮቹን በመቀያየር ላይ ማደራጀት የለበትም። ይህ በመጨረሻ የሚታሰብ ዝርዝር አይደለም፤ ቁልፉ ነው። ትኬቱ በጉዞ ቁጥር ሳይሆን በጊዜ ይሁን፦ አንዴ የከፈለ ሰው እስከ ተወሰነ ሰዓት የፈለገውን አውቶቡስ ይያዝ። ሂዩስተን በካርድ ለከፈለ 3 ሰዓት፣ ዋሽንግተን 2 ሰዓት ይሰጣሉ። በወረቀት ትኬትም ይቻላል፤ የተቆረጠበት ሰዓት በጉልህ ይታተማል ወይም ይበሳል። ሁለት የተለያዩ ድርጅቶች አውቶቡስ የሚያሰማሩ ከሆነ ግን ገቢው እንዴት እንደሚከፋፈል ቅያሬው ከመጀመሩ በፊት በውል መጻፍ አለበት፤ አለዚያ አንዱ የሌላውን ትኬት አልቀበልም ማለቱ አይቀርም።

መቀየሪያ ቦታ ምን ምን ማሟላት አለበት?

ከመጀመሪያው አውቶቡስ ወርዶ ሁለተኛው ጋ እስኪደረስ ያለው ርቀት ከ100 ሜትር ባይበልጥ ጥሩ ነው፤ ቢቻል ከዚያው ጥላ ሥር። መንገድ መሻገር ካለበት ዜብራና መብራት ይኑረው። የእግረኛ ድልድይ ላይ ወጥቶ መውረድ ልጅ ለያዘች እናት ወይም ዕቃ ለተሸከመ ሰው መቀየሪያ አይባልም። ለእያንዳንዱ መስመር የመሳፈሪያ ቦታው ቁጥር ተጽፎ፣ የሰልፉ መስመር መሬት ላይ ተሰምሮ መታየት አለበት። የሐምሌን ዝናብ የሚመክት ጣሪያ፣ የሚሠራ መብራት፣ መጸዳጃ ቤት። ማታ 2 ሰዓት ላይ አንዲት ሴት ብቻዋን ለመቆም የምትፈራበት ቦታ በካርታ ላይ ምንም ያህል ቢያምር መቀየሪያ ሊሆን አይችልም።

ብዙ ሰው ያለበትን መንገድ ማገልገል ነው ወይስ ሁሉንም ሰፈር መድረስ?

ሁለቱም ተገቢ ግቦች ናቸው፤ በአንድ በጀት ግን ይሻማሉ። ጥቂት ሰው በሚኖርበት ዳር በየሰዓቱ የሚሄድ አውቶቡስ ብዙ ሰው አያጓጉዝም፤ ለዚያ ሰፈር ግን ብቸኛው መንገድ ሊሆን ይችላል። ሚዛኑን መምረጥ ከመሐንዲሱ ይልቅ ሕዝብ የመረጣቸው ሰዎች ሥራ ነው፤ መሐንዲሱ የእያንዳንዱን ምርጫ ዋጋ ያሳያል።

ሂዩስተን ይህን በግልጽ ካደረጉ ከተሞች አንዷ ናት። የትራንስፖርት ድርጅቱ ቦርድ ከሀብቱ 80 በመቶው ብዙ ተሳፋሪ ወደሚገኝበት፣ 20 በመቶው ሰፈሮችን ለመድረስ እንዲውል ወሰነ። ከዚያ በፊት ክፍፍሉ ወደ 55 በ45 ይጠጋ ነበር። ረቂቁ በ2014 ለሕዝብ ቀረበ፣ ተስተካከለ፣ ቦርዱ በ2015 መጀመሪያ አጸደቀው፣ እሁድ ኦገስት 16 ቀን 2015 ሥራ ላይ ዋለ። በሞላ ጎደል በነበረው በጀት 22 መስመሮች በየ15 ደቂቃው ወይም ከዚያ ባነሰ ልዩነት፣ በቀን 15 ሰዓት፣ በሳምንት 7 ቀን እንዲሠሩ ተደረገ። ድሮ አብዛኛው መስመር መሐል ከተማ ይገባ ነበር፤ አሁን እንደ ወንፊት ክር እየተሻገሩ ይገናኛሉ። ትልቁ ለውጥ የታየው ቅዳሜና እሁድ ነው፤ በተለይ የእሁድ ተሳፋሪ በጣም ጨመረ። ሱቅ፣ ሆቴልና ሐኪም ቤት የሚሠራ ሰው እሁድም ሥራ ይገባል፤ የቀድሞው መርሐ ግብር ግን እሁድን እንደ ዕረፍት ቀን ይቆጥራት ነበር።

ሰው በተመናመነባቸው የሰሜን ምሥራቅ ሰፈሮች ነዋሪዎች ዕቅዱን ተቃውመዋል፤ ከፊሉ ቦታ በጥሪ የሚመጣ ትንሽ አውቶቡስ ተሰጠው። በአሜሪካ በ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ መሠረት ለውጡ ጥቁሮችንና ሌሎች አናሳዎችን ለይቶ እንዳይጎዳ አስቀድሞ ትንተና መሥራት በዚያን ጊዜ ግዴታ ነበር። ሕጉ በሌለበት አገርም ጥናቱ ቢሠራ መልካም ነው፦ ገቢው ዝቅተኛ የሆነው ሰፈር በ45 ደቂቃ ውስጥ የሚደርስባቸው የሥራ ቦታዎች፣ ሐኪም ቤቶችና ገበያዎች በዙ ወይስ አነሱ?

ከመጀመሩ በፊት ምን ይቆጠራል?

በየመስመሩ በየፌርማታው የሚወጣና የሚወርድ ሰው ይቆጠራል፤ በአንድ አውቶቡስ ሁለት ቆጣሪ፣ በየበሩ አንድ። ቢያንስ ሦስት የሥራ ቀን፣ አንድ ቅዳሜና አንድ እሁድ። የትኬት ሽያጭ ብቻውን አይበቃም፤ ሰውየው የት እንደ ወረደ አይነግርም።

ተዘንግቶ የሚቀረው አውቶቡሱ ሞልቶ ያለፈው ሰው ነው። ፌርማታ ላይ የቆመ ቆጣሪ በሰልፉ ውስጥ ስንት ሰው እንደ ቀረ ካልመዘገበ፣ ተሳፋሪ የበዛበት ፌርማታ በወረቀት ላይ ባዶ ሆኖ ይታያል፤ ሁሉም አውቶቡስ ሞልቶ ስለሚያልፈው። ከዚያ «እዚህ ፈላጊ የለም» ተብሎ ይሰረዛል። እንዲህ ያለ ስሕተት በስብሰባ ላይ አይታይም፤ ፌርማታው ላይ ጠዋት 1 ሰዓት ከ30 የቆመ ሰው ግን በአሥር ደቂቃ ያየዋል።

ጊዜውም ይመረጥ። ሐምሌና ነሐሴ ተማሪው ቤቱ ነው፤ የበዓል ሰሞን የገበያው ጉዞ ሌላ ነው። ጥቅምትና ኅዳር፣ ወይም የካቲትና መጋቢት ይሻላሉ። ሰልፉ ላይ ያሉትን «ከየት ተነሥተህ የት ትሄዳለህ፣ ስንት ታክሲና ስንት አውቶቡስ ትይዛለህ?» ብሎ መጠየቅም አለ። የአንዱ አውቶቡስ መድረሻ የሰውየው መድረሻ ላይሆን ይችላል።

ቀላል ባቡሩና ሚኒባስ ታክሲውስ?

የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ አንዱ መስመር ከአያት ጦር ኃይሎች፣ ሌላው ከምኒልክ አደባባይ ቃሊቲ። ከባቡሩ ጎን ለጎን ረጅም መንገድ የሚሮጥ አውቶቡስ ባቡሩ በአስተማማኝ ሁኔታ በቶሎ በቶሎ በሚመጣበት ሰዓት ብክነት ነው፤ ያ አውቶቡስ ከጣቢያው ወደ ጎን፣ ባቡር ወደማይደርስበት ሰፈር ቢሰማራ ይሻላል። ባቡሩ በሚዘገይበት ሰዓት ግን ጎን ለጎን የሚሄደውን ማንሣት ተሳፋሪን ሜዳ ላይ መጣል ነው። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ መጀመሪያ ባቡሩ ይስተካከል፣ ከዚያ አውቶቡሱ ይዛወር።

ሚኒባስ ታክሲ እስኪሞላ ቆሞ የሚነሣ፣ በታፔላ የተመደበ አገልግሎት ነው። ከውስጥ ሰፈር እስከ ዋናው መንገድ ላለው አጭር ርቀት ከትልቅ አውቶቡስ ይሻላል፤ ቶሎ ይሞላል፣ በጠባብ መንገድ ይገባል። ለ15 ኪሎ ሜትር ዋና መንገድ ግን መቶ ሰው በአንድ አውቶቡስ የሚሄድበትን ቦታ ስምንት ዘጠኝ ሚኒባስ ይይዘዋል። አዲሱ ዕቅድ የታክሲ ባለንብረቱንና ተራ አስከባሪውን ሳያማክር ከወጣ መቀየሪያው ላይ ለቦታ ግጭት ይነሣል።

በአንድ ሌሊት ይቀየር ወይስ በየደረጃው?

ሁለቱም ሠርተዋል፤ ሁለቱም ከሽፈዋል። ወሳኙ ዝግጅቱ ነው።

«ትራንሳንቲያጎ» የተባለው የሳንቲያጎ አዲስ የአውቶቡስ ሥርዓት ፌብሩዋሪ 10 ቀን 2007 በአንድ ቀን ሲጀመር አውቶቡሶቹ ከሚያስፈልገው ያነሱ ነበሩ፣ የአውቶቡስ መንገዶቹና መቀየሪያዎቹ አላለቁም፣ አውቶቡሶቹን ከማዕከል የሚከታተለው ሥርዓት አልሠራም። የድርጅቶቹ ውልም ተሳፋሪ ቢያሳፍሩም ባያሳፍሩም ገቢያቸውን በብዛት የሚያረጋግጥ ስለነበር አውቶቡስ ለማውጣት የሚገፋፋቸው ነገር አልነበረም። ሕዝቡ በሙሉ ወደ ምድር ውስጥ ባቡሩ ጎርፎ ጣቢያዎቹ ተጨናነቁ፤ ፕሬዚዳንት ሚሼል ባችሌት ሕዝቡን ይቅርታ ጠየቁ። ሐሳቡ ስሕተት አልነበረም፤ የጎደለው ከመጀመሩ በፊት ሊቆጠር የሚችል ነገር ነበር።

ሶልም ጁላይ 1 ቀን 2004 ሁሉን በአንድ ቀን ስትቀይር የካርድ ማንበቢያዎቹ ተበላሹ፣ በመሐል መንገድ የተከለሉት የአውቶቡስ መስመሮችም ተጨናነቁ። በወራት ውስጥ ግን ተስተካከለ፤ ዛሬ ለሌሎች ከተሞች ምሳሌ ሆና ትጠቀሳለች። ባርሴሎና በተቃራኒው 28 መስመሮቿን ከ2012 እስከ 2018 በየደረጃው አስገባች። ይህ አካሄድ ድንጋጤ የለውም፤ ጉዳቱ አሮጌውና አዲሱ ለዓመታት አብረው ሲሄዱ ሕዝቡ ግራ መጋባቱና ጥቅሙም ሙሉ ሆኖ ቶሎ አለመታየቱ ነው።

የመሐል ከተማውን መስመሮች፣ ከሰፈር ሰው ከሚያመጡላቸው መጋቢ መስመሮች ጋር፣ በአንድ ቀን፣ እሁድ ጠዋት መጀመር ይመረጣል። እሁድ የተፈጠረው ስሕተት ሰኞ ጠዋት ከመድረሱ በፊት የሚታረምበት ጊዜ አለ።

የመስመር ቁጥሮቹ ለምን ይቀየራሉ?

አሮጌ ቁጥር አዲስ መንገድ ላይ ሲለጠፍ ሰው ወዳልፈለገበት ይወስዳል። ጥሩ ቁጥር ደግሞ ራሱ ካርታ ነው። በሶል የዋናዎቹ ሰማያዊ አውቶቡሶች ቁጥር ባለ ሦስት አኃዝ ሲሆን የመጀመሪያው አኃዝ የመነሻውን ቀጠና፣ ሁለተኛው የመድረሻውን ያመለክታል።

ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩበት የዋሽንግተን አካባቢ ጁን 29 ቀን 2025 መስመሮቹን በሙሉ ሲቀይር ስያሜውን በፊደል ጀመረ፦ «ዲ» ወደ መሐል ከተማ ለሚሄዱ፣ «ሲ» ከተማዋን በአግድም ለሚያቋርጡ፣ «ኤም» ለሞንትጎመሪ፣ «ፒ» ለፕሪንስ ጆርጅስ፣ «ኤ» ለአርሊንግተንና አሌክሳንድሪያ፣ «ኤፍ» ለፌርፋክስ። በጆርጂያ ጎዳና የሚሄደው የድሮው 70 ቁጥር «ዲ40» ሆነ። የአማርኛ ተናጋሪው አዛውንት ግን አሁንም «ሰባ ቁጥር» ነው የሚለው፤ ስለዚህ ፌርማታው ላይ አሮጌው ስም ከአዲሱ ጎን ቢያንስ ለጥቂት ወራት ተጽፎ ቢቆይ አይጎዳም።

ውጤቱ መቼ ይታያል?

ጥበቃው ያጠረ መሆኑ በመጀመሪያው ሳምንት ይታወቃል። የተሳፋሪው ቁጥር ግን መጀመሪያ ሊወርድ ይችላል፤ ሰው አዲሱን መንገድ ለምዶ፣ ሥራና ቤት በዚያ ላይ ተመርኩዞ እስኪመርጥ ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ይወስዳል። በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት የጉዞ ሰዓት ስሕተትና የደኅንነት ችግር ወዲያው ይታረማል፤ መስመሩን ራሱን ግን በአንድ ሳምንት ጩኸት መመለስ አይገባም፤ የሚጠቀመው ሰው ገና አልለመደውም፣ የሚጮኸው የተጎዳው ነው። የተጎዳው ደግሞ በእውነት ተጎድቷልና ስሙ ተመዝግቦ መልስ ይሰጠው።

በመጀመሪያው ሳምንት እንደ ተሳፋሪ ምን ላድርግ?

እሁድ ቀን የሰኞውን ጉዞ አንዴ ሂደው ይሞክሩት፤ የሚቀይሩበትን ቦታ በዓይንዎ ይዩ። ሰኞ 20 ደቂቃ ቀድመው ይውጡ። ቤት ውስጥ አዛውንት ወይም ብቻውን የሚጓዝ ተማሪ ካለ አዲሱን ቁጥርና የመቀየሪያውን ስም በወረቀት በትልቁ ጽፈው ይስጧቸው፤ ስልክ ይዘጋል፣ ወረቀት አይዘጋም።

አቤቱታ ሲያቀርቡ «አገልግሎቱ መጥፎ ነው» ከማለት የመስመሩን ቁጥር፣ የፌርማታውን ስም፣ አቅጣጫውን፣ ቀኑንና ሰዓቱን፣ ስንት ደቂቃ እንደ ጠበቁና ስንት አውቶቡስ ሞልቶ እንዳለፈ ይጻፉ። «ማክሰኞ፣ ሰሚት፣ ወደ መገናኛ፣ ከ1፡10 እስከ 1፡45፣ ሁለት ሞልተው አለፉ» የሚል አንድ መስመር ለዚያ ሰዓት አንድ ተጨማሪ አውቶቡስ ለማስመደብ በቂ መነሻ ነው።